አብረን የምናያቸው የሐኪም ቤት ድራማዎች

ሠላሳ ሁለት ዓመት በነርስነት ያገለገለ ሰው የሐኪም ቤት ድራማ ዝም ብሎ ማየት አይሆንለትም። ሌላው ተዋናዩን ሲያይ የእኔ ዓይን ግሉኮሱ ላይ ነው። መርፌው የት ተወጋ? ጓንት አድርጋለች? አልጋው ላይ የተኛውን ሰውዬ በስሙ የጠራው አለ? ልጆቼ ከእኔ ጋር ማየት ይሰለቻቸዋል። «እማዬ፣ ፊልም ነው እኮ!» ይሉኛል። ፊልም መሆኑንማ አውቃለሁ። ሰው ከፊልም ያየውን ይዞ ሐኪም ቤት እንደሚመጣም አውቃለሁ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጊዜ አግኝቻለሁ፤ ቤት ውስጥም ዋይፋይ ገብቷል። እኛ አያቶች የውጭ ተከታታይ ድራማ የለመድነው በአብዛኛው ቃና ቴሌቪዥን በ2016 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው) የቱርኩን በአማርኛ ማሰማት ከጀመረ በኋላ ነው። አሁን ደግሞ ልጆቹ በኢንተርኔት የፈለጉትን አገር ድራማ በፈለጉት ሰዓት ይከፍቱታል። ችግሩ እያንዳንዱ በየስልኩ ተሸጉጦ ማየቱ ነው። እናት ሳሎን፣ ልጅ መኝታ ቤት፣ አባት ደግሞ መኪና ውስጥ። ስለዚህ ጎረቤቶቼና የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቼ «ሲስተር፣ ምን እንይ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ አብሮ ሊታይ የሚችለውን ለመምረጥ እሞክራለሁ።

መለኪያዬ አንድ ነው። ቴሌቪዥኑ ከጠፋ በኋላ ቤት ውስጥ ምን ወሬ ይቀራል? በሥራ ዘመኔ ሰውን ሲጎዳ ያየሁት በሽታው ብቻ አይደለም፤ ዝምታውም ነው። ደም እየፈሰሳት ለእናቷ መናገር ያፈረች ልጅ አይቻለሁ። የምርመራ ውጤቱን ከሚስቱ ደብቆ ክኒኑን ሥራ ቦታው የሚያስቀምጥ ባል አይቻለሁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረት በየዋርዱ ይሠራል። ታዲያ ቤተሰብ ፊት ለፊት የማያነሳውን ጉዳይ አንድ ድራማ በሌላ ሰው ታሪክ አስታክኮ ካነሳው፣ ለእኔ ያ ድራማ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ከዚህ በታች ያሉት አራቱ የተመረጡት በዚህ መለኪያ ነው።

ስለ መውለድ፦ «ኮል ዘ ሚድዋይፍ»

ይህ የእንግሊዙ ቢቢሲ ድራማ በጥር 2012 የጀመረ ሲሆን ታሪኩ የሚነሳው በ1957 ነው። ቦታው ፖፕላር ይባላል፤ በምሥራቅ ለንደን የወደብ ሠራተኞች የሚኖሩበት የድሃ ሰፈር ነው። አዋላጆቹ፣ ግማሾቹ መነኮሳት ግማሾቹ ወጣት ነርሶች፣ ቦርሳቸውን ብስክሌት ላይ አስረው ቤት ለቤት እየዞሩ ያዋልዳሉ። የእንግሊዝ መንግሥት ነፃ ሕክምና የጀመረው በ1948 ነበርና፣ ከዚያ በፊት ሐኪም አይተው የማያውቁ እናቶች በራቸው ሲንኳኳ እናያለን።

ድራማው የተመሠረተው ጄኒፈር ዎርዝ የተባለች ነርስና አዋላጅ በጻፈችው የሕይወት ታሪክ ላይ ነው። መነሻውን ብታውቁት ደስ ይላችኋል። ቴሪ ኮትስ የተባለች አዋላጅ በ1998 በሙያ መጽሔታቸው ላይ፣ አዋላጆች በሥነ ጽሑፍ ውስጥ የሉም ማለት ይቻላልና እባካችሁ አንዳችሁ ጻፉ የሚል ጽሑፍ አወጣች። ዎርዝ ያንን አንብባ ብዕር አነሳች፤ መጽሐፏ በ2002 ታተመ። ድራማው ሳይታይ በ2011 አረፈች። ቴሪ ኮትስ ግን የድራማው የሙያ አማካሪ ሆነች። ለዚህ ነው የአዋላጆቹ እጅ የእውነተኛ አዋላጅ እጅ የሚመስለው። ምጥ ላይ ያለችን ሴት ሲያነጋግሩ ድምፃቸው እንዴት እንደሚለዝብ ልብ በሉ። ያ ከትምህርት ቤት ብቻ አይገኝም።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው የታሊዶማይድ ታሪክ ነው። ታሊዶማይድ በ1950ዎቹ መጨረሻ ለነፍሰ ጡሮች ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት የሚታዘዝ ክኒን ነበር። በ1961 መጨረሻ ከገበያ እስኪወጣ ድረስ በዓለም ላይ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወልደዋል። ድራማው ክኒኑን በቅን ልቦና ያዘዘውን ሐኪምም፣ የወለደችውን እናትም፣ ልጁን ማየት ያቃተውን አባትም ያሳያል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ ክኒን ገዝታ የምትውጥ ነፍሰ ጡር ቤታችሁ ካለች ይህን ክፍል አሳይዋት።

በእኛም አገር ያ ዘመን ታሪክ አለው። የፖፕላር አዋላጆች በብስክሌት በሚሮጡበት በ1959 ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም አዲስ አበባ ገቡ። በተራዘመ ምጥ ፊስቱላ የደረሰባቸውን ሴቶች ሲያዩ እዚሁ ቀሩ። የፊስቱላ ሆስፒታሉ በ1974 ተከፈተ፤ የአዋላጆች ኮሌጁ ደግሞ በ2007። ድራማውን ከአሥራ አምስት ዓመቷ የልጄ ልጅ ጋር ሳይ ይህንን ነገርኳት። ቀጥላ «እማማ፣ አንቺስ እማዬን የት ወለድሻት?» አለችኝ። እስከ እኩለ ሌሊት አወራን። ከእናቷ ጋር እንኳ እንደዚያ አውርተን አናውቅም።

አንድ እርማት ግን አለኝ። በድራማው ምጥ ቶሎ ያልቃል። በእውነቱ የመጀመሪያ ልጅ ምጥ አሥራ ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ነፍሰ ጡር ደም ከፈሰሳት፣ ኃይለኛ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ካላት፣ ፊቷና እጇ ካበጠ፣ ካንቀጠቀጣት፣ የሽርት ውኃዋ ምጥ ሳይመጣ ከፈሰሰ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰባት፣ የሚቀጥለውን ክፍል አትጠብቁ፤ ጤና ጣቢያ ውሰዷት።

ስለ ኤች አይ ቪ፦ «ኢ.አር»

ይህ የቆየ ነው። የቺካጎን አንድ የድንገተኛ ክፍል የሚያሳየው የአሜሪካ ድራማ ከ1994 እስከ 2009 ድረስ 331 ክፍሎች ታይተውለታል። የፈጠረው ሕክምና የተማረው ደራሲ ማይክል ክራይተን ነው። ሁሉንም እዩ አልልም፤ ዕድሜ አይበቃም። የመጀመሪያዎቹ አምስትና ስድስት ምዕራፎች ግን ጥሩ ናቸው።

በተለይ ጂኒ ቡሌ የምትባለውን የሐኪም ረዳት ታሪክ ተከተሉ። በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ኤች አይ ቪ የሞት ፍርድ ይመስል በነበረበት ጊዜ፣ ቫይረሱ በደሟ ውስጥ መኖሩን ታውቃለች። ድራማው አልገደላትም። ሥራዋን ቀጠለች፣ ከባልደረቦቿ ሐሜት ጋር ተጋፈጠች፣ ኖረች።

እኛ ያንን ዘመን ዋርድ ውስጥ ሆነን አሳልፈነዋል። መድኃኒቱ በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ለልጅ ልጆቻችን አልነገርናቸውም፤ ስለዚህ ለእነሱ ያለፈ ታሪክ ይመስላቸዋል። ብዙ ወላጆችም አዲሱን ነገር አያውቁትም። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ እስከማይታይ የቀነሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። መድኃኒቷን የምትወስድና ክትትል የምታደርግ እናትም ከቫይረሱ ነፃ የሆነ ልጅ መውለድ ትችላለች። ድራማው በተሠራበት ጊዜ ይህ ሁሉ በሙሉ አይታወቅም ነበር። እሱን እናንተ ጨምሩበት፤ ከአሥራ አራት ዓመት በላይ ላለ ልጅ ጥሩ የወሬ መነሻ ነው።

ስለ መሞት፦ «ዘ ፒት»

«ኢ.አር» ላይ ወጣት ሐኪም ሆኖ የምናውቀው ኖዋ ዋይል ጢሙ ሸብቶ የተመለሰበት ነው። በጥር 2025 ጀመረ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የኤሚን የምርጥ ድራማ ሽልማት ወሰደ። የመጀመሪያው ምዕራፍ 15 ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል የአንድ ተረኛ ቀን አንድ ሰዓት ነው። እግር ማሳረፊያ፣ ሽንት ቤት መሄጃ፣ ምሳ መብያ ሰዓት የሌለበት ቀን። ካየኋቸው የሐኪም ቤት ድራማዎች ሁሉ ለሥራው የሚቀርበው ይህ ነው። የነርሶቹ አለቃ የሆነችውን ሴት የምትጫወተው ካትሪን ላናሳም ኤሚ ተሸልማለች፤ ይገባታል። ወረፋ ያስመረረው ሰው ሲመታት የሚያሳየውን ክፍል ያየ ሰው፣ ተረኛ ነርስ ላይ ከመጮሁ በፊት ቆም የሚል ይመስለኛል።

ለልጆች ግን አይሆንም። ደም አለ፣ የተቆረጠ አካል አለ፣ ራቁት አለ፣ ስድብ አለ። ይህ ለአዋቂዎች ነው፤ በተለይ ያረጁ ወላጆች ላሏችሁ።

የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች እዩ። አንድ አዛውንት በሳንባ ምች ይመጣሉ። መተንፈሻ ማሽን እንዳይገባላቸው ቀድመው በጽሑፍ አስታውቀዋል። ሴት ልጃቸውና ወንድ ልጃቸው ግን መልቀቅ አልቻሉም፤ ይከራከራሉ፤ ማሽኑ ይገባል። በኋላ ሐኪሙ ያስቀምጣቸውና እንዴት እንደሚሰናበቱ ያስተምራቸዋል። እንደሚወዷቸው እንዲነግሯቸው፣ እንዲያመሰግኗቸው፣ ይቅር እንዲሏቸው፣ ይቅርታም እንዲጠይቁ። ይህንን እኛ ከማን እንማራለን? ይቅር ለእግዚአብሔር መባባል የአገራችን ልማድ ነው። ግን የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ሰውዬው መስማት ካቆመ በኋላ ነው።

በሥራዬ ስንት ጊዜ ኮሪደር ላይ እጄን ይዘው «ሲስተር፣ ለአባባ እንዳትነግሪው» ብለውኛል! ወደ ክፍሉ ስገባ ደግሞ አባት ቀስ ብለው «ልጆቼ እንዳይሰሙ፤ ይደነግጣሉ» ይሉኛል። ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም ለየብቻ ያለቅሳሉ። የቀረውን ሁለት ሳምንት በዝምታ ይጨርሱታል። እባካችሁ ይህን ድራማ አይታችሁ፣ አባታችሁ ጤነኛ ሆነው ቡና እየጠጡ ሳለ፣ ቢታመሙ ምን እንደሚፈልጉ፣ ማን እንዲወስንላቸው እንደሚሹ ጠይቋቸው። ሟርት አይደለም። ክብር ነው።

የተለየ አእምሮ ስላላቸው ልጆች፦ «ዘ ጉድ ዶክተር»

ይህ ድራማ መጀመሪያ የተሠራው በ2013 በኮሪያ ነው። አሜሪካኖቹ ከ2017 እስከ 2024 ሰባት ምዕራፍ ሠሩት፤ ቱርኮችም በ2019 የራሳቸውን አዘጋጁ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኦቲዝም ያለበት ወጣት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። ሰው ዓይን ውስጥ አያይም፣ ሽሙጥ አይገባውም፣ ድምፅ ይረብሸዋል፤ የሰውን አካል ግን እንደ መጽሐፍ ያነበዋል። ከአሥራ ሦስት ዓመት ጀምሮ ላለ ልጅ ይሆናል።

በአገራችን ስለ ኦቲዝም በአደባባይ መነጋገር እንዲጀመር ብዙ የደከሙት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። በልጃቸው ምክንያት በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ፤ በ2021 አረፉ። እሳቸው በር እስኪከፍቱ ድረስ ስንቱ ልጅ ጓዳ ተዘግቶበት አድጓል! እርግማን ነው፣ የእናት ኃጢአት ነው ተብሎ።

ድራማው አንድ ነገር ያጋንናል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሁሉ ሊቅ አይደለም። ሊቅ መሆንም የለበትም፤ ሰው መሆኑ ይበቃዋል። አያቶች ልብ ልትሉት የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ ልጁን ቀኑን ሙሉ የምትውሉት እናንተ ናችሁና። ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት የሚፈልገውን በጣቱ የማያሳይ፣ የጀመረውን ቃል የተወ ልጅ ካለ «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» ብላችሁ አትለፉት። ለሐኪም አሳዩት።

ድራማ የሚዋሸን ነገሮች

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። በ1996 አንድ የታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት «ኢ.አር»ን ጨምሮ የሦስት የቴሌቪዥን ዝግጅቶችን 97 ክፍሎች አየ። ልባቸው ቆሞ ደረታቸው ከተጫኑት ሰዎች 75 በመቶዎቹ ወዲያው ነቅተዋል። በእውነተኛ ሐኪም ቤት ቁጥሩ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ቤተሰብ ይህን ስለማያውቅ በሽተኛው ሲሞት «አልሞከሩለትም» ይላል። ብዙ ጊዜ ተሞክሮለታል፤ አልሆነም እንጂ።

ሁለተኛ፣ በማሽኑ ላይ መስመሩ ቀጥ ሲል በኤሌክትሪክ ሲያስነሱት የምታዩት ልክ አይደለም። ቀጥ ያለ መስመር በኤሌክትሪክ አይመለስም፤ የሚደረገው ደረት መጫንና መድኃኒት መስጠት ነው። ቤት ውስጥ ሰው ወድቆ ካልነቃና እንደ ወትሮው ካልተነፈሰ፣ አንዱ 907 ደውሎ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥራ፤ ሌላው ሁለት እጁን ደራርቦ የደረቱን መሃል አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫን። እርዳታ እስኪደርስ አያቋርጥ።

ሦስተኛው የሚጥል በሽታ ነው። በ2010 የካናዳ ተመራማሪዎች የሐኪም ቤት ድራማዎችን አይተው፣ የሚጥል በሽታ ከተነሳባቸው ትዕይንቶች ግማሽ በሚጠጉት ውስጥ የተደረገው እርዳታ ስህተት መሆኑን ተናገሩ። ሰውየውን ጨምቆ መያዝ፣ አፉ ውስጥ ነገር መክተት። እኛ ደግሞ ክብሪት እንጭርለታለን። ክብሪቱን ተዉት። ማንኪያም አትክተቱ። ዙሪያውን ያለውን ስለታም ነገር አንሱ፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ለትንንሾቹ፣ ለኪሳችሁና ለእግራችሁ

ከሰባት ዓመት በታች ላሉት ከላይ ያሉት አንዳቸውም አይሆኑም። ለእነሱ በ2006 የጀመረችውን «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ክፈቱላቸው። የስድስት ዓመቷ ቀጭኔ እጅ መታጠብን ከእኛ ንዝነዛ በተሻለ ታስተምራለች። በአማርኛ ስለሆነችም በአሜሪካም በአውሮፓም ያሉ አያቶች ከልጅ ልጃቸው ጋር ሊያዩዋት ይችላሉ።

የሞባይል ዳታ ውድ ነው፤ ዋይፋይ ባለበት አውርዳችሁ አስቀምጡ። የሚቀጥለው ክፍል ራሱ እንዲጀምር የሚያደርገውን ምርጫ ልጆቹ ያጥፉላችሁ፤ አለዚያ ሌሊቱ ይነጋል። እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ከሆነ የልጅ ልጃችሁ ይተርጉምላችሁ። መተርጎሙ ራሱ ወሬ ነው፤ እሱም አማርኛው ይሻሻላል። እግራችሁ የሚያብጥ ከሆነ በየክፍሉ መጨረሻ ተነሥታችሁ ሳሎኑን ሁለት ጊዜ ዙሩ። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒታችሁን ድራማው ሳይጀመር ውሰዱ።

አንድ ምኞት አለኝ። ለአገራችን ደራሲዎች ነው። መንግሥት የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብሩን በ2003 ከጀመረ ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ቦርሳ ይዘው በገጠር ቤት ለቤት ዞረዋል። ብስክሌት የላቸውም፤ በእግራቸው ነው። የፖፕላር አዋላጆች ታሪክ አንድ አዋላጅ «ጻፉ» በማለቷ ተጻፈ። እኔም በሙያዬ ስም ጻፉልን እላለሁ። ነርሶች፣ አዋላጆች፣ ያያችሁትንም እናንተ በደብተር ያዙ፤ የበሽተኛውን ምስጢር ጠብቁ እንጂ ታሪኩን አትቅበሩት።

እስከዚያው ግን ከምን እንጀምር ለምትሉኝ፣ ከ«ኮል ዘ ሚድዋይፍ» የመጀመሪያ ክፍል ጀምሩ። በሳምንት አንድ ክፍል ይበቃል። ስልኮቹ ሌላ ክፍል ይቀመጡ። ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን አጥፉና አሥር ደቂቃ አትነሱ። መጀመሪያ የሚናገረው ሰው ልጅ ከሆነ አታቋርጡት።